የስፔን አይሁዳውያን ስደት በልጆች ልብ ወለድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ንግሥት ኢዛቤላና ንጉሥ ፈርዲናንድ አይሁዳውያንን ከስፔን ያባረሩት በ1492 ነው (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ስደት ለታዳጊዎች ልብ ወለድ ይጻፋል፤ ልጆች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ግን ስለ ዘመኑ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል።

«ኢንኩዊዚሽን አይሁዳውያንን የሚከስ ፍርድ ቤት ነበር።»
ይህ የሃይማኖት ፍርድ ቤት በዋናነት የሚከሰው የተጠመቁትን ነበር። በ1391 ሴቪያ ላይ የተነሳው ጭፍጨፋ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት፣ ብዙ አይሁዳውያን ሞትን ፈርተው ክርስትና ተነሱ። ፍርድ ቤቱ የተነሳው በእነሱና በዘሮቻቸው ላይ ነው፤ ክሱም በስውር የአይሁድን ሃይማኖት ይጠብቃሉ የሚል ነበር። ስለዚህ የልብ ወለዱ ልጅ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ የክርስትና ስም ያላት ልትሆን ትችላለች።

«አደጋው የሚመጣው ከወታደር ነው።»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጠቋሚው አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ሰው ነበር፦ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ፣ አንዳንዴም የገዛ ዘመድ። ለክስ የሚበቃውም ነገር የጓዳ ነገር ነው። ዓርብ ማታ የተለኮሰ መብራት። ለቅዳሜ የተለወጠ ንጹሕ ልብስ። የአሳማ ሥጋ አለመብላት። ዓርብ ተጥዶ ለቅዳሜ የሚያድር፣ አዳፊና የሚባል የሽምብራና የሥጋ ወጥ። ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት አይነገረውም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ማንን ትመን? የልብ ወለዱ ጭንቀት ያለው እዚህ ነው፤ ፈረስና ሰይፍ ካልገባበት አይስብም የሚል ጸሐፊ ይህን ያጣዋል።

«ሀብታቸውን ይዘው ወጡ።»
አዋጁ የወጣው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ የተሰጣቸው ጊዜ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብቻ ነበር። ወርቅ፣ ብርና ገንዘብ ማውጣት ተከልክሏል። በዘመኑ የነበረው ቄስ አንድሬስ በርናልዴዝ፣ ቤት በአህያ፣ የወይን እርሻ በትንሽ ጨርቅ ይለወጥ እንደነበር ጽፏል።

«ሁሉም ቱርክ ገቡ።»
ሱልጣን ባያዚድ 2ኛ መቀበላቸው እውነት ነው። ነገር ግን እጅግ ብዙዎቹ የተሻገሩት ወደ ጎረቤት ፖርቱጋል ነው። እዚያ በ1493 ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ ወዳለችው ሳኦ ቶሜ ደሴት ተላኩ። በ1497 ደግሞ የቀሩት በግድ ተጠመቁ።

«የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገና ሕፃን ናት።»
ለእኛ አዎ። በርናልዴዝ እንደሚለው ግን ከመውጣታቸው በፊት ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆኑትን ልጆች ሁሉ እርስ በርስ አጋቧቸው፤ ሴቶቹ በመንገድ ላይ በባል ጥላ ሥር እንዲሆኑ። ለልጆች ይከብዳል ተብሎ ይህ ባይዘለል እመርጣለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት አንባቢ ስደቱ በእኩዮቿ ላይ ምን እንዳደረሰ የምትረዳው በዚህ ነው።