ፔቲሽን ምንድን ነው? “መፈረም ብቻ” ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ አሜሪካ ባርነት መወገድ ሲያወራ “ሴቶቹማ ቤታቸው ቁጭ ብለው ፔቲሽን ፈረሙ እንጂ ምን አደረጉ?” አለ። ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም። ይህን ታሪክ ለዓመታት ሳጠና ስለኖርኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ፔቲሽን ብዙ ሰው ፈርሞ ለመንግሥት የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። እሱን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ፊርማው ከየት እንደሚመጣ ነው።

እስቲ መሶብ ላይ የቀረበ እንጀራ አስቡ። ጤፉን ማን አበጠረው? ማን አቦካው? ጭስ ዓይኑን እያቃጠለው ማን ጋገረው? በላተኛው ይህን አያይም። በ1833 (እ.ኤ.አ.) ሉክሪሺያ ሞትንና ሻርሎት ፎርተንን የመሳሰሉ ነጭና ጥቁር ሴቶች ፊላደልፊያ ውስጥ የራሳቸውን ፀረ ባርነት ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያም እንደነሱ ያሉ ሴቶች በየከተማው ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። አንዷን ለማስፈረም ደጇ ላይ ቆሞ ስለ ባርነት ማስረዳት፣ መከራከር፣ አንዳንዴም ተሰድቦ መመለስ ነበረ። መምረጥ አይችሉም፤ መንግሥትን የሚናገሩበት መንገድ ይሄው ነበር። (ቁጥር ስትጠቅሱ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዷ ሴት ብዙ አቤቱታ ላይ ስለምትፈርም የፊርማ ብዛት የሰው ብዛት አይደለም።)

እንጀራው ሲቀርብስ? አንበላም ተባለ። ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤቱ ስለ ባርነት የሚመጣ አቤቱታ ውይይት ሳይደረግበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ የሚል ደንብ ነበረው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይጎድላል፤ ያልተበላ እንጀራ ይሻግታል፣ አቤቱታው ግን አልሻገተም። እንዲያውም ስለ ባርነት ግድ ያልነበረው ሰው ሳይቀር “አቤት የማለት መብታችን ተነካ” ማለት ጀመረ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስም እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ደንቡ እስኪሻር ታገሉት።

ደግሞስ የትኛው ቤት ነው የተቀመጡበት? በሜይ 1838 የባርነት ተቃዋሚዋ አንጀሊና ግሪምኬ በሴቶች የፀረ ባርነት ጉባኤ ሰሞን እዚያው ፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቬንያ አዳራሽ ውስጥ ስትናገር ውጭ ያለው ረብሸኛ መስኮቱን በድንጋይ ይሰብር ነበር። ንግግሯን አላቋረጠችም። በማግስቱ ጥቁርና ነጭ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዚያ ረብሸኛ መሀል ወጡ። ማታውኑ አዳራሹ ጋየ፤ ከተመረቀ ገና 3 ቀኑ ነበር። ሲነጋ ጉባኤያቸውን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቀጠሉ።

“ፕሬዚዳንት ሊንከን ባርነትን በአዋጅ ጨርሶት የለ?” የሚለኝም አለ። የ1863ቱ አዋጅ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ ኅብረት ያልተገነጠሉትን ባሪያ አሳዳሪ ግዛቶች አልነካም። ለዚህ ነው የሴቶች መብት ታጋዮቹ ሱዛን አንተኒና ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ሴቶችን አደራጅተው ባርነትን ጨርሶ የሚያጠፋ ሕግ ይውጣ ብለው ፊርማ ያሰባሰቡት። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1864 ሁለት ጥቁር ወንዶች ጥቅል ጥቅሉን ወረቀት ተሸክመው ሴኔት ገቡና ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። 100,000 ፊርማ ነበር። 65,601ዱ የሴቶች ነው።