ተፈጥሯዊው ዘዴ (የዦርዥ ኤቤር የአካል ማጎልመሻ ሥርዓት)

ተፈጥሯዊው ዘዴ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዦርዥ ኤቤር (1875–1957) በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያደራጀው፣ ሰውነትን በደጅ፣ በተፈጥሮ ለሰው በተሰጡት እንቅስቃሴዎች የማጠንከር ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሜዳ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ዳገትና ውኃ ይበቁታል። ለወታደሮች የሚሠራው የመሰናክል ሜዳና የከተማው ፓርኩር (መሰናክሎችን እየሮጡ፣ እየዘለሉና እየወጡ የማለፍ ስፖርት) ሥረ መሠረታቸው ሲመዘዝ እዚህ ይደርሳል፤ ያም ሆኖ የመሥራቹ ስም ከፈረንሳይ ውጭ የሚገባውን ያህል አይነሳም።

ኤቤር እንቅስቃሴዎችን በአሥር ወገን ከፍሏቸዋል፦ መራመድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በእጅና በእግር መሄድ፣ ሽቅብ መውጣት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ መወርወር፣ ማንሳትና መሸከም፣ ራስን መከላከል፣ መዋኘት። ልጆችን ሜዳ ላይ ለቆ ለተመለከተ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሲባረሩ፣ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠሉና ድንጋይ ሲወረውሩ ከአሥሩ አብዛኞቹን ያለ አስተማሪ ያዳርሷቸዋል። የኤቤር ትልቁ ሥራ ይህንን ጨዋታ ሳይገድል ሥርዓት ማስያዙ ነው።

ልምምዱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በተከለለ ሜዳ ላይ የሚካሄደው ነው። ተለማማጆቹ እንደየአቅማቸው በቡድን ይከፈላሉ፤ ጠንካሮቹ ይቀድማሉ፣ ደካሞቹ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ቡድን እንደ ማዕበል ተራ በተራ ከሜዳው ጫፍ ተነስቶ አንዱን እንቅስቃሴ እየሠራ ወደ ሌላው ጫፍ ይሻገራል፤ ከዚያ በዝግታ እየተራመደና በረጅሙ እየተነፈሰ በጎን በኩል ይመለሳል። ከባዱ በቀላሉ፣ የእጁ ሥራ በእግሩ ሥራ ስለሚተካ ዕረፍቱ በሥራው ውስጥ አለ፤ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የለም። አየሩ እስከፈቀደ ድረስ ልብስ ይቀልላል፤ ፀሐይና ነፋስ የልምምዱ ክፍል ናቸውና። ሁለተኛው መልክ ነፃ ጉዞ ነው። ቡድኑ ወደ ጫካ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ወይም ወደ ኮረብታ ይወጣና መንገዱ ያቀረበለትን ይቀበላል፦ ግንድ ከወደቀ ይሻገረዋል ወይም በሥሩ ይሾልካል፣ ወንዝ ካገኘ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ያልፋል። ዘዴው ከሁሉ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይሆን ሰውነት ሁልጊዜ እየተማረ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ከባዶ አልተነሳም። ጀርመናዊው ጉትስሙትስ በ1793 ባሳተመው የወጣቶች ጅምናስቲክ መጽሐፍ፣ ስፔናዊው አሞሮስም ፓሪስ ውስጥ በከፈተው ማሠልጠኛ መንገዱን ጠርገዋል።

በኤቤር ሕይወት ተደጋግሞ የሚነሳው ዓመት 1902 ነው። ግንቦት 8 ቀን በካሪቢያን ባሕር ባለችው የፈረንሳይ ግዛት በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሴን ፒየርን ከተማ አጠፋ፤ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ወጣቱ መኮንን በአካባቢው በነበረችው ሱሼ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ያገለግል ነበርና በነፍስ አድን ሥራው ተሳተፈ። ወደ 700 ሰው በእሱ አስተባባሪነት እንደዳነ ብዙዎች ጽፈዋል። ከከተማው ነዋሪ የተረፈው እጅግ ጥቂት ስለነበር ቁጥሩ ትክክል ከሆነ በዙሪያው ካሉ መንደሮች በመርከብ የወጡትን የሚመለከት መሆን አለበት። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል፤ «ጠቃሚ ለመሆን ጠንክር» የሚለው መሪ ቃሉ ግን የሰውነት ብርታት ለሌላው ካልደረሰ ዋጋ የለውም የሚል የዕድሜ ልክ እምነቱ ነበር።

ቀጥሎ በፈረንሳይዋ ሎሪያን ከተማ በነበረው የባሕር ኃይል ተኳሾች ትምህርት ቤት ዘዴውን በተግባር ፈተነ። በዘመኑ የገነነው በሰልፍ ቆሞ በትእዛዝ እጅና እግርን የሚያንቀሳቅሰው የስዊድን ጅምናስቲክ ነበር፤ ኤቤር ግን መርከበኞቹን አስሮጠ፣ በገመድ አስወጣ፣ አስዋኘ። ውጤቱን በግምት አልተወውም። 12 ፈተናዎች ያሉት የነጥብ መዝገብ አዘጋጀ፦ የ100፣ የ500 እና የ1,500 ሜትር ሩጫ፣ በመንደርደርና ያለ መንደርደር ከፍታና ርዝመት ዝላይ፣ ገመድ መውጣት፣ 40 ኪሎ ማንሳት፣ አሎሎ መወርወር፣ 100 ሜትር ዋና፣ በውኃ ውስጥ ትንፋሽን ይዞ መቆየት። በአንዱ የሚልቅ በሌላው ግን የሚወድቅ ሰው በዚህ መዝገብ ብርቱ አይባልም። በ1913 ፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ የአካል ማጎልመሻ ጉባኤ ላይ ሠልጣኞቹ ያሳዩት ትርኢት የዘዴውን ስም ከፍ አደረገው።

ፈረንሳይ በ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ባስመዘገበችው ውጤት ስላልተደሰተች ለኤቤር በሩ ተከፈተ። የፖሜሪ ሻምፓኝ አምራች ድርጅት ባለቤት የሆነው ማርኪ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ሜልኪዮር ደ ፖሊኛክ በሬምስ ከተማ የአትሌቶች ኮሌጅ አስገነባ፤ ኤቤር ዳይሬክተር ሆነ። በ1913 ፕሬዚዳንት ሬይሞን ፖዋንካሬ ሳይቀር ሊጎበኘው መጣ። ኮሌጁ ግን ዕድሜ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ፣ ሬምስ በመድፍ ተደበደበች፣ ኮሌጁም ፈራረሰ። ኤቤር ራሱ ቤልጅግ ውስጥ ዲክስሙይደ ላይ ቆሰለ።

ከጦርነቱ በኋላ በዶቪል የባሕር ዳርቻ ሴቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት መሠረተ። ሴቶች ከጠባብ ልብስ ተላቀው እንዲሮጡ፣ እንዲወጡና እንዲዋኙ ማድረግ በዚያን ጊዜ ደፋር እርምጃ ነበር። በ1925 ደግሞ ክብረ ወሰንና ገንዘብ ማሳደድን በመጽሐፍ ተቸ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ዘዴውን ለወጣቶች ሥልጠና ተጠቅሞበታል፤ ዘዴው ከዚያ መንግሥት ሠላሳ ዓመት በላይ ስለሚቀድም በእሱ ሊመዘን አይገባም። በ1960ዎቹ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች የውድድር ስፖርት ቦታውን ወሰደበት።

በሌላ በኩል ግን መስፋፋቱን አላቆመም። በካናዳዋ ኩቤክ በጫካ ውስጥ የሚሠሩ የገመድና የግንድ መሰናክሎች እስካሁን በኤቤር ስም ይጠራሉ። ፓርኩር የመጣውም በዚህ መስመር ነው። የፓሪስ እሳት አደጋ ተከላካዩ ሬይሞን ቤል በውትድርና የተማረውን የመሰናክል ልምምድ ለልጁ ለዳቪድ አወረሰ፤ ዳቪድና ጓደኞቹ በ1990ዎቹ በፓሪስ አቅራቢያ ባለችው በሊስ ከተማ ግንቦችና ደረጃዎች ላይ አሳደጉት። ብሪታንያ ፓርኩርን በ2017 በይፋ ስፖርት ብላ ተቀብላለች።