«የወንጀል ሪከርድ ያለበትን ማን ይቀጥረዋል?» ለሚሉ ሁሉ

ጎንደር ውስጥ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለኝ። ለሆቴል፣ ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤት ሲስተም እንሠራለን። ማታ ማታ ደግሞ ወጣቶችን ኮዲንግ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ታስረው የወጡ አሉ። እነዚህን ልጆች ጃቫስክሪፕት አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው የሰው ወሬ ነው። አንዱ ፒያሳ ቡና ሲጠጣ የሰማውን ይዞ ይመጣል፤ ሌላው አጎቱ የነገረውን። ሁሉም በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ሕጉን ገልጦ ያየ ግን የለም። ሰልችቶኛል። ልጆቹ በወሬ ምክንያት ዕድሜያቸውን እያቃጠሉ ነው።

«የታሰረ ሰው ሁሉ ሪከርድ አለበት»

የለበትም። ጣቢያ ማደር፣ በዋስ መውጣት፣ ተከስሶ ነፃ መባል፣ ከእነዚህ አንዱም ፍርድ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንፁህ እንደሚቆጠር ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተይዘው፣ ያለ ክስ የተለቀቁ ልጆች አውቃለሁ። «እኔ እኮ ከእንግዲህ ወንጀለኛ ነኝ» ብለው ሲቪ መላክ ያቆሙ አሉ። ፎርሙ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብሎ ከጠየቀ የእነሱ መልስ «አያውቅም» ነው። እውነቱም ይኸው ነው።

ሥራ ላይ እያለ ለተያዘ ሰው ደግሞ ይህን ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስሩ ከ30 ቀን ካልበለጠ፣ አሠሪውም በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው፣ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ስለዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን በእፍረት ይደብቃል፤ ልጁ ሲፈታ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል።

«ፋይዳ ቁጥሬን ካስገቡ ሁሉም ነገር ይወጣል»

አይወጣም። ፋይዳ የሚይዘው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ የጣት አሻራና የዓይን አሻራ የመሳሰለውን ነው። ማንነትን ያረጋግጣል፣ በቃ። የወንጀል ሪከርድ የሚታየው የፌዴራል ፖሊስ አሻራ ፈትሾ በሚሰጠው ማስረጃ ላይ ነው። እሱንም አመልክቶ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው።

ይህን ፍርሃት የሚያባብሰው አሜሪካ ያለ ዘመድ ነው። እዚያ የፍርድ ቤት መዝገብ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሰውን አጣርተው ለአሠሪ መረጃ የሚሸጡ ኩባንያዎችም አሉ። ዘመዳችን የሚነግረን የራሱን አገር ነው። ጎንደር ላይ ያለ ቀጣሪ ስም ጽፎ የሰውን ሪከርድ የሚያይበት ድረ ገጽ የለውም። ያለው ጉግልና ፌስቡክ ነው። ጉዳያችሁ ያኔ ዜና ሆኖ ከነበረ ስማችሁን ፈልጉና ምን እንደሚወጣ እዩ። ቀጣሪው ከማየቱ በፊት እናንተ ብታዩት ይሻላል።

«ሀከር የነበረ ሰው ተፈላጊ ነው»

ይህ የፊልም ወሬ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ብቻውን ወንጀል ነው፤ ምንም ባትወስዱም። የደህንነት ፍተሻ የሚሠሩ ሰዎች ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይዘው ነው የሚሠሩት።

«ይቅርታ ተደርጎልኛል፣ ስለዚህ ሪከርዴ ጠፍቷል»

ይህኛው ሰውን አደባባይ ላይ ያሳፍራል። ልጁ በይቅርታ ወጥቷል፣ ተማምኖ ፎርሙ ላይ «የለብኝም» ይላል፣ ከዚያ የፖሊስ ማስረጃው ሌላ ይናገራል። ይቅርታና ምሕረት ይለያያሉ። በወንጀል ሕጋችን ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፤ የፍርዱ መዝገብ ግን እንዳለ ይቆያል። ፍርዱን እንዳልነበረ የሚያደርገው ምሕረት ነው። በአመክሮ መውጣትም እንደ ይቅርታው ነው። ቀሪውን ጊዜ ውጭ እንድትጨርሱ ያደርጋል እንጂ ፍርዱን አይፍቅም። ስለዚህ በምን እንደወጣችሁ የሚገልጸውን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት። ይቅርታ ከሆነ የሚቀጥለው ክፍል የእናንተ ነው።

«ሪከርድ እስከ መቃብር ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። የተማረ ሰው ይለዋል። የሰው ኃይል ኃላፊ ይለዋል። እናት ለልጇ ትለዋለች።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ የተወሰነ ጊዜ በሰላም ከኖረ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከፖሊስ መዝገብ እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል። ጽኑ እስራት ተፈርዶበት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፤ ቀላል እስራት ከነበረ 2 ዓመት። በመካከሉ እንደገና እስራት እንዳይፈረድበት፣ ጠባዩ መልካም እንዲሆን፣ የተፈረደበትን ካሳ የሚችለውን ያህል እንዲከፍል ይጠበቃል። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው ፍርዱ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያንን የድሮ ፍርድ በክፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ሕጉ እዚህ ድረስ ሄዷል።

ግን በራሱ አይመጣም። ዓመቱ ስለሞላ ብቻ ማንም መዝገቡን አይሰርዝም። ማመልከት አለባችሁ።

አንድ ተማሪዬን ላንሳ። በልጅነቱ ሰርግ ቤት በተነሳ ጠብ ሰው በዱላ ፈንክቶ ቀላል እስራት ተፈረደበት። ጨርሶ ወጣ። አራዳ አካባቢ ሞባይል ሲጠግን ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። ጎበዝ ነው። ዳታቤዝ ሲያደራጅ ማየት ደስ ይላል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ሰው ሲፈልግ «አመልክት» አልኩት። ላፕቶፑን ዘጋው።

«ጋሼ፣ እኔ አሻራ የሚጠየቅበት ቦታ አልሄድም።»

መቼ እንደተፈታ ጠየቅሁት። ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱ ዓመት ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። ስለ መሰየም እሱም እናቱም ሰምተው አያውቁም። የነገራቸው ሰው የለም። ሁሉም የነገሯቸው «እስከ መቃብር» የሚለውን ነው።

ወደ ጠበቃ ወሰድነው። እዚያ አንድ ነገር ጎደለ፤ ካሳው። ካሳው ተከፍሏል፣ ግን የተከፈለው በሽማግሌ ፊት፣ በእጅ ነው። እርቁ ወርዷል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በልተዋል፣ ወረቀት ግን የለም። ለእኛ አገር ሰው እርቅ ከወረደ ሌላ ምን ይፈለጋል? መዝገብ ግን ወረቀት ይፈልጋል። እናቱ ሽማግሌዎቹ ቤት ዞሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ። መጨረሻ ላይ የተፈነከተው ሰውዬ ራሱ መጣ፣ ካሳውን መቀበሉን ጽፎ ፈረመ፣ «ይሄን ያህል ጊዜ ይሄ ልጅ በእኔ ምክንያት ሥራ አጥቷል?» ብሎም ጠየቀ። የጠበቃው ጸሐፊ ወረቀቱን በሁለት ኮፒ አተመው። እናቱ አንዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ማመልከቻው ተፈቀደለት። አሁን ሥራ ላይ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን ያለፈው ጊዜ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሙሉ መብት እያለው ሞባይል ሲፈታ ኖረ።

ስለዚህ የተፈረደበት ሰው ሁሉ እነዚህን ይሰብስብ። የፍርድ ግልባጭ። ከማረሚያ ቤት የተፈታበት ወረቀት። ካሳ ከነበረ የተከፈለበት ማስረጃ፤ በሽማግሌ ከሆነ የሽማግሌዎቹ ፊርማ፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ። ስለ ጠባዩ የሚመሰክር ሰው ወይም ደብዳቤ። ጊዜው ያልሞላ ደግሞ የሚሞላበትን ቀን ስልኩ ላይ ይመዝግብ፤ ከዚያ ቀን በፊት ወረቀቱን ጨርሶ ይጠብቅ።

«አትናገር፣ ማን ያውቃል?»

ካልተጠየቃችሁ በመጀመሪያው ሲቪ ላይ መጻፍ ግዴታችሁ አይደለም። ከተጠየቃችሁ ግን አትዋሹ። ውሸቱ ከተገኘ የምትባረሩት በውሸቱ ነው። ከሁሉ የከፋው የፎርጅድ ማስረጃ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ራሱ ወንጀል ነው፤ ቢፈረድባችሁ የመሰየሙን ተስፋም ይዞት ይሄዳል። «የሚሠራልህ ሰው አለ» የሚላችሁን ሰው ሽሹት።

መቼ ልናገር ለሚለኝ፣ የቴክኒክ ፈተናውን ካለፍክ በኋላ፣ ውል ከመፈረምህ በፊት እለዋለሁ። ሥራህን አይተው ከወደዱት በኋላ ያዳምጡሃል። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «በእንዲህ ያለ ዓመት በድብደባ ተፈርዶብኝ ይህን ያህል ጊዜ ታስሬያለሁ። ቅጣቱን ጨርሻለሁ፣ ካሳም ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ይኸውና።» ከዚያ ዝም በሉ። የጠቡን ታሪክ ከሥር መሠረቱ መተረክ አያስፈልግም። ተበዳዩን መውቀስ ደግሞ ፈጽሞ። እኔ ቀጣሪ ሆኜ ስሰማ ሰውዬው ሌላውን መክሰስ ሲጀምር ነው የምሰጋው።

«ይኸውና» የምትሉት ነገር ግን መኖር አለበት። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ ያለ ሥራ ቀን አለው። ምን ጻፋችሁ፣ መቼ ጻፋችሁ፣ የሰው አስተያየት ተቀብላችሁ እንዴት አስተካከላችሁ፣ ሁሉም ይታያል። የጎንደር ፋርማሲ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን የሚከታተል ትንሽ ሲስተም፣ ለጥምቀት እንግዳ የሚመዘግብ የሆቴል ገጽ፣ እነዚህ ከሰርተፍኬት ይበልጥ ይናገራሉ።

«ሶፍትዌር ቤት ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ባንክና የክፍያ ድርጅት ማስረጃ ይጠይቃል፤ የሰው ገንዘብ ነውና ተገቢ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ይጠይቃል፤ በሌብነት፣ በማጭበርበር፣ በእምነት ማጉደል ለተፈረደበት በሩ ጠባብ ነው። በመኪና አደጋ በቸልተኝነት የተፈረደበት ሹፌር ግን የሆቴል ድረ ገጽ እንዳይሠራ የሚከለክለው ምን አለ? የወንጀሉ ዓይነትና የሥራው ዓይነት ይገናኙ እንደሆነ ማየት ነው። በማጭበርበር ለተፈረደበት ልጅ የክፍያ ሲስተም አትጀምር፣ የገጽ ዲዛይን ጀምር ብዬዋለሁ። ተቀይሞኝ ነበር። አሁንም ያንኑ እለዋለሁ።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል። እኔ የዋናውን ሰርቨር የይለፍ ቃል ለማንም አዲስ ሠራተኛ አልሰጥም። ዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ለተመረቀውም። ኮዱ በሌላ ሰው ሳይታይ አይገባም፣ የዳታቤዝ ፈቃድ በሥራው ልክ ነው። እንዲህ ከሠራችሁ ሪከርድ ያለበትን ሰው የምትፈሩበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋል። እንዲህ ካልሠራችሁ ደግሞ ሪከርድ የሌለበትም ይጎዳችኋል።

«ፍሪላንስ ላይ ማንም አይጠይቅም»

ግማሹ እውነት ነው። ፍሪላንሰርን ከደንበኛ የሚያገናኘው አፕወርክ የሚያጣራው ማንነታችሁን ነው፤ መታወቂያና ፊት። ነገር ግን የባንክ ወይም የሕክምና መረጃ ያለው ደንበኛ ከውል በፊት የፖሊስ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ደግሞም ጎንደር ላይ ሆኖ በፍሪላንስ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ደንበኛ ያጣው ስንቱ ነው! ፍሪላንሱን ያዙ፣ ከከተማው ደንበኛም አትራቁ።

«ሪከርድ ባይኖርብኝ ኖሮ ይቀጥሩኝ ነበር»

ብዙ ጊዜ የሚያግደው ሪከርዱ አይደለም፣ ዋስ ነው። ቀጣሪው ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ ይላል። ከእስር የወጣ ልጅ ማን ይፈርምለታል? አጎት ይሸሻል፣ ጓደኛ ስልክ አያነሳም። ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት። አስተማሪያችሁን፣ የሠራችሁለትን የሱቅ ባለቤት፣ ደመወዝ ያለውን የክርስትና አባት ዛሬ አነጋግሩ፤ ሥራው ሲገኝ ሳይሆን። የዋስትናው መጠን በብር ተለይቶ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ መጠኑ ያልተጻፈ ዋስትና ሰው ይፈራል። ዋስ ፈጽሞ ካልተገኘ ቀጣሪውን በሥራ መጠን የሚከፈል የአጭር ጊዜ ውል ጠይቁት። ኮምፒውተሩ የራሳችሁ ከሆነ፣ ንብረት ካልተረከባችሁ፣ ዋስ የሚጠየቅበት ምክንያት ያንሳል። እኔ ሁለት ልጆች የወሰድኩት በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ አሁን ለሌላው ፈርሞለታል።