አፕዴት አድርገን ቪዲዮ ኮል ሲንቀራፈፍ፦ የሚባለውና እውነታው

ስልኩ ማታ አፕዴት ተደርጓል። ጠዋት ቪዲዮ ኮል ስትከፍቱ ድምፁ ይመጣል፣ ምስሉ ግን እህታችሁ አፏን እንደከፈተች ይደርቃል። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ቴክኒሻን ይሆናል። ከሚሰጠው ምክር ግን ግማሹ ውሃ አያነሳም።

«አፕዴቱ ስልኩን አበላሸው።»
አብዛኛውን ጊዜ አላበላሸውም፣ ሥራ አብዝቶበት ነው። አዲሱ ሲስተም ከተጫነ በኋላ ስልኩ ከጀርባ ሆኖ ፎቶዎቻችሁን እንደገና ያገላብጣል፣ ፋይሎችን ለፍለጋ እንዲመቹ ያደራጃል፣ አፖቹም በየተራ አዲስ ቨርዥን ማውረድ ይጀምራሉ። በዚህ ላይ ቪዲዮ ኮል ሲጨመርበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማቀዝቀዝ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ሌሊቱን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ዋይፋይ ላይ ተዉት። ፎቶ የታጨቀበት ስልክ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድበት ይችላል።

«ስፒድ ቴስት 20 ሜጋ አሳይቶኛል፣ ኢንተርኔቴ ደህና ነው።»
በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ሰው የሚያየው ትልቁን ቁጥር ነው፣ እሱ ደግሞ ዳውንሎድ፣ ማለትም ወደ እናንተ የሚመጣው ነው። የእናንተን ፊት ወዲያ ማዶ የሚያደርሰው አፕሎዱ ነው። ዙም ለሁለት ሰው ጥሪ ጥሩ ምስል ለማድረስ በሰከንድ 600 ኪሎቢት፣ ለ720ፒ ጥራት 1.2 ሜጋቢት ይበቃኛል ይላል። ብዙ አይደለም፤ ግን አፕሎዳችሁ ከመጀመሪያውም ጠባብ ከሆነና ከአፕዴቱ በኋላ የነቃው የፎቶ ባክአፕ የወር ፎቶ እየላከ ከሆነ፣ ለጥሪው የሚተርፍ የለም። ባክአፑን ለጊዜው አቁሙት።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ነገር አለ። ኮምፒውተራችሁ ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ያካፍላል፣ አማራጩ ከተከፈተለት በኢንተርኔት ለማታውቁት ሰው ጭምር። በእናንተ ፓኬጅ ደግነት! ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ ማጥፋት ነው። ሌላ የሚበላ ካለ ለማወቅ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ተጫኑት፤ ዋናው በላተኛ ከላይ ይወጣል።

«አፖቹን ሁሉ ጠርጎ መዝጋት።»
ብዙም አይጠቅምም። የተኛ አፕ ኢንተርኔት አይሻማችሁም፤ የሚላከውን ወይም የሚወርደውን ብቻ አስቁሙ።

«ቪፒኤን ያፈጥናል።»
አያፈጥንም፤ ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን ሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አፕ ነው፣ መንገዱን ያዞረዋል። ወሬው የመጣው ምናልባት ከዱባይ ነው፤ እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ዝግ ስለሆነ ቪፒኤን ሲበራ ይሠራል። ያ ግን መክፈት እንጂ ማፍጠን አይደለም (ያላግባብ መጠቀሙም እዚያ በሕግ ያስጠይቃል)። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ነፃ ቪፒኤን አብርታችሁ አሜሪካ የምትደውሉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፉ።

«ኔትወርክ ሴቲንጉን ሪሴት አድርገው!»
ይሠራል፣ ግን የመጨረሻው ነው። የተቀመጡትን የዋይፋይ ፓስወርዶች ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያ የአክስት ቤት፣ የቢሮ፣ የካፌ ፓስወርድ ልመና ነው። ከዚያ በፊት ዋይፋዩን «ፎርጌት» ብላችሁ እንደገና ግቡ። ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ስሞች ካሉት ቅርብ ስትሆኑ 5ቱን ያዙ፤ ግድግዳ ከበዛ 2.4ቱ ይሻላል። ዳታ ለመቆጠብ አጠቃቀሙን የሚገድበው ዳታ ሴቨር ወይም ሎው ዳታ ሞድ በርቶ እንደሆነም እዩ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ውስጥ ለጥሪ ትንሽ ዳታ ተጠቀም የሚል አማራጭ አለ፤ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን አብሩት፣ ደህና ሲሆን አጥፉት።

«ወደ ድሮው ቨርዥን መልሰው።»
አይፎን ላይ አፕል የድሮውን ቨርዥን ብዙም ሳይቆይ ስለሚዘጋው መመለስ አይቻልም። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ካደረጋችሁ 10 ቀን ይሰጣችኋል። ግን ላፕቶፕ ላይ አፕዴቱ በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የዋይፋዩን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ቀይሮት ሲሆን። መለያው ቀላል ነው፦ በዚያው ዋይፋይ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስልኩ በደንብ እየሠራ ላፕቶፑ ብቻ ከተንቀራፈፈ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ዲቫይስ ማናጀር፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ የዋይፋይ ካርዱ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ የድሮው አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሞዴላችሁን ድራይቨር አውርዳችሁ ጫኑ።