ስፖይለር ዕጩ ምንድን ነው? ሁለቱም ፓርቲ ሲያስመርር የሚነሳው ክስ

በ2023 መጸው ላይ ጋሎፕ አሜሪካውያንን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ሁለቱ ፓርቲዎች ሥራቸውን በቅጡ ስላልሠሩ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል ወይ? 63 በመቶው ያስፈልጋል አለ። ጋሎፕ ይህን መጠየቅ ከጀመረ ወዲህ ቁጥሩ እንደዚህ ከፍ ብሎ አያውቅም። በዚያው ሰሞን ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ያወጣው ደግሞ ሁለቱንም ፓርቲ የማይወዱ ሰዎች 28 በመቶ ደርሰዋል ይላል። በ1994 6 በመቶ ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዓመት በኋላ ምርጫው መጣ። ትራምፕና ሃሪስ ሁለቱ ብቻቸውን ከመቶ 98 ያህሉን ድምፅ ጠራርገው ወሰዱት። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ሲል የከረመ ሕዝብ፣ ቀኑ ሲደርስ ወደነዚያው ጉልቻዎች ተመለሰ።

ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ አይደለም። ሌላ ዕጩ ልምረጥ ባለ ቁጥር አንድ ክስ ይጠብቀዋል። "ድምፅህን ታባክናለህ፤ የምትጠላውን ሰው ታስገባለህ" ይሉታል። የዚህ ክስ ስሙ ስፖይለር ነው።

ስፖይለር የሚባለው ራሱ የማሸነፍ ተስፋ የሌለው፣ ግን ከአንዱ ትልቅ ዕጩ ድምፅ ተሻምቶ ሌላውን የሚያስገባ ዕጩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሻማው በአቋም ከሚቀርበው ሰው ነው። ስለዚህ የሚጠቀመው ደጋፊዎቹ አብዝተው የሚጠሉት ወገን ይሆናል። የሚያንገበግበውም ይሄ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ቆጠራውን ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአገር አቀፍ ድምር አይመረጥም። በየግዛቱ የተከፋፈሉ 538 የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፆች አሉ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከኔብራስካ በቀር እያንዳንዱ ግዛት ያለውን ድርሻ በሙሉ አንደኛ ለወጣው ይሰጣል። በአንድ ድምፅ ይብለጥ በሚሊዮን፣ ለውጥ የለውም። ከግማሽ በላይ ማግኘትም ግዴታ አይደለም። ሦስት ዕጩዎች 40፣ 39 እና 21 በመቶ ቢያገኙ ሁሉንም የሚወስደው ባለ 40ው ነው። 60 በመቶው አይኑን ማየት ባይፈልግም እንኳ።

እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ይገርማችሁ ይሆናል። እዚያ 3.25 በመቶ ያለፈ ፓርቲ ክኔሴት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ድርድር ነው። ኢትዮጵያ ግን በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ያገኘ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ተቃዋሚዎች እርስ በርስ ድምፅ ተሻምተው ወንበሩን ለሌላ የሚያስረክቡበት ስሌት ለኛ እንግዳ አይደለም።

ስፖይለር ሲባል አሜሪካውያን ቀድሞ የሚታወሳቸው ፍሎሪዳ፣ 2000 ነው። ራልፍ ኔደር በመኪና ደህንነትና በሸማቾች መብት ትግል ስሙን ያተረፈ ጠበቃ ነው። ዲሞክራቱም ሪፐብሊካኑም ለትላልቅ ኩባንያዎች ይንበረከካሉ፣ ልዩነታቸው ማን ቶሎ ይንበረከካል የሚለው ብቻ ነው ይል ነበር። ለአካባቢ ጥበቃ በቆመው ግሪን ፓርቲ ስም ተወዳደረ። ዓላማው ማሸነፍ አልነበረም። በአገር አቀፍ ደረጃ 5 በመቶ ካገኘ ፓርቲው ለሚቀጥለው ምርጫ የመንግሥት ገንዘብ ያገኛል፤ ያንን ነበር የፈለገው።

ያገኘው ከ3 በመቶ በታች ነው። ፍሎሪዳ ላይ ግን 97,000 ያህል ሰው መረጠው። ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ዲሞክራቱን አል ጎርን በፍሎሪዳ የበለጠው በ537 ድምፅ ነበር። በዚያች ግዛት ምክንያት ቡሽ በ271 ኤሌክቶራል ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጎር በአገር አቀፍ ድምር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በልጦ ቤቱ ቀረ። የኔደርን መራጮች ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ሲጠይቋቸው ወደ ግማሽ የሚጠጉት "እሱ ባይኖር ጎርን እንመርጥ ነበር" አሉ። አንድ አምስተኛ ያህሉ ቡሽን እንመርጥ ነበር አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ አንመርጥም ነበር አሉ። ሒሳቡን ሥሩት። የሁለቱ ልዩነት 537ን ከአርባ ጊዜ በላይ ይሸፍናል።

ከዚያ ወዲህ ኔደር በብዙ ዲሞክራቶች ዘንድ ስሙ እንደ እርግማን ነው። የኢራቅ ጦርነት ሳይቀር በሱ የተላከከበት ጊዜ አለ። በ2004 ድጋሚ ሲወዳደር ግማሽ ሚሊዮን ሰው እንኳ አልመረጠውም።

ግን ስለ ፍሎሪዳ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። የዚያን ዓመት የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የነበሩት ትናንሽ ዕጩዎች ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ከ537 በላይ ድምፅ አግኝተዋል። ማንም ስሙን የማያስታውሰው የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ ዕጩ እንኳ 562 አለው። ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? ወግ አጥባቂው ፓት ቡካናን ከ17,000 በላይ አግኝቷል፤ እሱ ደግሞ ድምፅ ይሻማል ከተባለ የሚሻማው ከቡሽ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ጠባብ ሲሆን የተበላሸ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ዝናብ፣ ረጅም ሰልፍ፣ ሁሉም ውጤቱን ሊቀይር ይችላል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ጣት የሚቀሰርበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኔደር ለዚህ መልስ ነበረው። "ድምፁ የጎር ንብረት አልነበረም" ይል ነበር። እኔም እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ። ፓርቲው መራጩን ማሳመን ሲያቅተው ሦስተኛውን ሰው መክሰስ ይቀላል። ያም ሆኖ በጠባብ ግዛት ለሚኖር ሰው "እንደ ስሜትህ ምረጥ፣ ምንም አይመጣም" ማለት ውሸት ነው። ይመጣል። መጥቶም ታይቷል።

መራጮቹ ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። በ2000 ኢንተርኔት ላይ ድምፅ መለዋወጥ ተጀመረ። ፉክክር ባለበት ግዛት ያለ የኔደር ደጋፊ ለጎር ይመርጣል። በምትኩ ውጤቱ በታወቀበት ግዛት ያለ የጎር ደጋፊ ለኔደር ይመርጣል። ጎርም ይድናል፣ 5 በመቶውም ይሞላል የሚል ዘዴ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለሥልጣናት ወንጀል ነው ብለው አንዱን ድረ ገጽ አስፈራርተው አዘጉት። ፍርድ ቤት በ2007 ልውውጡ በንግግር ነፃነት ይጠበቃል አለ፤ ምርጫው ካለፈ ከሰባት ዓመት በኋላ።

በ2016 ታሪኩ ራሱን ደገመ። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን እና ፔንሲልቬኒያ ላይ የግሪን ፓርቲዋ ጂል ስታይን ያገኘችው ድምፅ ትራምፕ ሂላሪ ክሊንተንን ከበለጠበት ይበልጣል። በሚሺጋን ልዩነቱ 10,704 ነበር፤ ስታይን ከ51,000 በላይ ነበራት። ዲሞክራቶች ይህን አሁንም አልረሱትም። በዚያው ምርጫ ከሪፐብሊካኑ ወገን ይሻማል የሚባለው የሊበርታሪያን ፓርቲው ጋሪ ጆንሰን በአገር አቀፍ ደረጃ የስታይንን ሦስት እጥፍ ያህል አግኝቶ እንደነበር ግን ሲጠቀስ አይሰማም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1912 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከገዛ ፓርቲው ከሪፐብሊካን ጋር ተጣላ። በሥልጣን ላይ የነበረው ታፍት ዕጩነቱን ሲወስድበት ወጥቶ የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። የሪፐብሊካን ድምፅ ለሁለት ተሰነጠቀ። ዲሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን 42 በመቶ ባልሞላ ድምፅ 435 ኤሌክቶራል ድምፅ አፈሰ። የታሪክ መጻሕፍት ሩዝቬልትን ስፖይለር ይሉታል። እሱ ግን 27 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ታፍት በ23 በመቶ ሦስተኛ ነው፤ በመላ አገሪቱ ያሸነፈው ሁለት ግዛት ብቻ ነበር። በቁጥር ከሄድን የተሻማው በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ነው ማለት ነው። ስሙ የሚለጠፈው ግን ሁልጊዜ የትልቁ ፓርቲ ማኅተም በሌለው ሰው ላይ ነው።

ሮስ ፔሮም አለ። የቴክሳስ ቢሊየነር ነው። በ1992 በገዛ ገንዘቡ የቴሌቪዥን ሰዓት ገዝቶ፣ ሰንጠረዥ ይዞ፣ ስለ በጀት ጉድለት ሕዝቡን እንደ ተማሪ ያስተምር ነበር። የሚገርመው ሕዝቡ ቁጭ ብሎ አየው። በሰኔ ጋሎፕ ከቡሽ አባትም ከቢል ክሊንተንም በላይ አስቀመጠው። በሐምሌ ድንገት ተውኩት አለ። በጥቅምት መጀመሪያ ተመለሰ። እንዲህ ተወላግዶ እንኳ 19 በመቶ ያህል፣ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጠው። ከኤሌክቶራል ኮሌጅ ያገኘው ዜሮ ነው። ቡሽን የጣለው እሱ ነው የሚሉ ሪፐብሊካኖች ዛሬም አሉ። መራጮቹ ሲጠየቁ ግን ሁለተኛ ምርጫቸው ለቡሽና ለክሊንተን እኩል ነበር የተከፈለው።

ከፔሮ በኋላ በሩ ጠበበ። የፕሬዚዳንታዊ ክርክሮቹን ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽን በ1987 በሁለቱ ፓርቲዎች የተመሠረተ ነው። ከ2000 ጀምሮ በሕዝብ አስተያየት ጥናቶች 15 በመቶ ያላገኘ ዕጩ መድረክ ላይ አይወጣም አለ። መድረክ ላይ ያልወጣ ሰው ደግሞ 15 በመቶ ከየት ያመጣል? የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ለመግባትም እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። ፊርማ መሰብሰብ፣ ጠበቃ መቅጠር፣ ቀነ ገደብ መጠበቅ፤ ገንዘብ የሌለው ገና ሳይጀምር ያልቅለታል።

ፓርቲዎቹም ጨዋታውን ተምረውታል። የተፎካካሪያቸውን ድምፅ የሚሻማ ዕጩ ሲያዩ ይደግፉታል፤ የነሱን የሚሻማውን ፍርድ ቤት ይገትሩታል። በ2000 አንድ የሪፐብሊካን ቡድን ኔደር ጎርን ሲወቅስ የሚያሳይ ማስታወቂያ በገንዘቡ አስተላልፏል። በ2024 ዲሞክራቶች ግሪን ፓርቲን ከኔቫዳ የድምፅ ወረቀት አስወጡት። ግሪን ፓርቲ ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወስድ የቆመለት ጠበቃ የትራምፕ የቀድሞ ጠበቃ ነበር። አላዋጣም። ከሁሉ የሚያስቀው ግን የግል ዕጩው ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ነው። ወራት ሙሉ በየግዛቱ ወረቀት ላይ ለመግባት ሲታገል ከረመ። በነሐሴ ትራምፕን ደግፎ ዘመቻውን አቆመ። ከዚያ ደግሞ ፉክክር ባለባቸው ግዛቶች ስሜን አውጡልኝ ብሎ መክሰስ ጀመረ። ሚሺጋንና ዊስኮንሲን እምቢ አሉት። ስሙ እንዳለ ቀረ።

ታዲያ መላ የለውም ወይ? ጆርጂያን ተመልከቱ። በ2020 ባይደን ጆርጂያን በ11,779 ድምፅ ወሰደ። የሊበርታሪያኗ ጆ ጆርገንሰን እዚያ ከ62,000 በላይ ነበራት። ለፕሬዚዳንት ብልጫ በቂ ስለሆነ ነገሩ በዚያው አለቀ። በዚያው ቀን በተደረገው የሴኔት ምርጫ ግን ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ፐርዱ አንደኛ ወጥቶ 49.7 በመቶ አገኘ። የጆርጂያ ሕግ ለሴኔት ከግማሽ በላይ ይጠይቃል። ሊበርታሪያኑ 2 በመቶ ወስዶ ስለነበር በጥር በሁለቱ መሪዎች መካከል ሁለተኛ ዙር ተደረገ፤ ዲሞክራቱ ጆን ኦሶፍ አሸነፈ። አትላንታ አካባቢ ያላችሁ የዚያን ሰሞን የቅስቀሳ ጎርፍ አትረሱትም። ሁለተኛ ዙር አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሰው እንደገና የፈለገውን ይመርጣል። ወጪውና ድካሙ ግን ቀላል አይደለም።

ሌላው በደረጃ መምረጥ ነው። መራጩ ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይደረድራል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣል፤ የሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል። ኔደርን አንደኛ፣ ጎርን ሁለተኛ ያለ ሰው ድምፁ አይባክንም ነበር። ሜይን ይህን የያዘችው ከምሬት ነው። በ2010 ፖል ለፓጅ 38 በመቶ ባልሞላ ድምፅ ገዥ ሆነ፤ የግል ዕጩውና ዲሞክራቷ ሌላውን ተካፍለውት። ከ2020 ጀምሮ ሜይን ፕሬዚዳንትንም በዚሁ መንገድ ትመርጣለች። አላስካም ተከትላለች።

ሌላው አገር ግን ገና አላመነበትም። በኅዳር 2024 ኮሎራዶ፣ ኦሪገን፣ አይዳሆ እና ኔቫዳ ሐሳቡ ቀርቦላቸው አንፈልግም አሉ። አላስካ ውስጥ ይሰረዝ ተብሎ ቀርቦ በጥቂት መቶ ድምፅ ብቻ ተረፈ። በዚያው ቀን ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ተቀበለችው።