የጠበቃ ክፍያ ውል ሚዛናዊነት በኢትዮጵያ

የጥብቅና ክፍያ በኢትዮጵያ በዋናነት በጠበቃውና በደንበኛው ስምምነት የሚወሰን ነው። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ሙያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ ጠበቃውንና ደንበኛውን የሚያስተሳስረው ግንኙነት ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በደነገጋቸው አንቀጾች ጭምር ይገዛል። ይህ ሕግ ተወካዩ (እዚህ ላይ ጠበቃው) በውል የተቆረጠለትን ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለው ካረጋገጠ በኋላ፣ አስቀድሞ የተወሰነው ዋጋ ከተሰጠው አገልግሎት ጋር የማይመጣጠንና የተጋነነ ሆኖ ሲገኝ ዳኞች ሊቀንሱት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ የደንበኛው ፊርማ ብቻውን ክፍያውን ከዳኛ ዓይን አያወጣውም።

ክፍያው ተመጣጣኝ መሆኑን ለመመዘን ብዙውን ጊዜ የሚታዩት የጉዳዩ ክብደት፣ የሚጠይቀው ጊዜና ድካም፣ የክርክሩ ገንዘብ መጠን፣ የጠበቃው ልምድ እንዲሁም በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የተለመደው ዋጋ ናቸው። በተግባር ግን ጠብ የሚያስነሳው የክፍያው መጠን ብቻ አይደለም፤ ውሉ ሳይናገር ያለፈው ነገር ይበልጥ ያጣላል። “ጉዳዩን እስከ ፍጻሜው ለመከታተል” የሚል ውል እንውሰድ። ደንበኛው ፍጻሜ የሚለው ቤቱን ወይም ገንዘቡን የሚረከብበትን ቀን ነው፤ ጠበቃው ደግሞ ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው የሥር ፍርድ ቤት ፍርድ የሚሰጥበትን። በሁለቱ መካከል ይግባኝ፣ ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ) እና አፈጻጸም (የተፈረደውን በተግባር ማስፈጸም) አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መዝገብና ቀጠሮ ስላላቸው፣ ክፍያው የትኛውን ደረጃ እንደሚሸፍን በስም ያልጠቀሰ ውል ርካሽ ቢመስልም ኋላ ውድ ሊሆን ይችላል።

ክፍያው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ፣ በክርክር ደረጃ ተከፋፍሎ ወይም በመቶኛ ሊታሰብ ይችላል። በመቶኛ የሚታሰበው የእኩልና የሲሶ እርሻን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ አራሽና ባለመሬት የሚካፈሉት አውድማ ላይ ያለውን እህል መሆኑ ነው፤ በጥብቅና ውል ግን የሚካፈሉት ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። 3,000,000 ብር የጠየቀ ከሳሽ 1,800,000 ብር ተፈርዶለት፣ በአፈጻጸም እጁ የገባው 900,000 ብር ብቻ ቢሆን፣ አሥር በመቶው ከጥያቄው ሲሰላ 300,000፣ ከፍርዱ ሲሰላ 180,000፣ ከተሰበሰበው ሲሰላ ደግሞ 90,000 ብር ነው። “አሥር በመቶ” የሚለው አንድ ሐረግ ሦስት ዋጋ አለው ማለት ነው። ጠበቃው ጥረቱን ከውጤቱ ጋር አስተሳስሮ ከተዋዋለ፣ ስሌቱም በተሰበሰበው ላይ መቆሙ ይበልጥ ሚዛናዊ ይመስላል፤ ሆኖም አፈጻጸሙን ሌላ ጠበቃ ከያዘው ይህ ስሌት የመጀመሪያውን ጠበቃ ሊጎዳው ይችላል።

የዳኝነት ክፍያ፣ የባለሙያ አበል፣ የትራንስፖርትና የሰነድ ማረጋገጫ ወጪዎች የጠበቃው ዋጋ አይደሉም፤ ማን እንደሚሸፍናቸው ለብቻው መጻፍ አለበት። ጠበቃው ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ፣ 15 በመቶው በተነገረው ዋጋ ውስጥ መካተቱ ወይም አለመካተቱም እንዲሁ። ከእነዚህ ውጪ “ለማስጨረሻ” ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ ግን የክፍያ ውል አካል ሊሆን አይችልም፤ የጉቦ ጥያቄ ነው፤ ሚዛናዊነቱም አያነጋግርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላው ነገር የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን የጠበቃ ወጪ በሙሉ ይተካል የሚለው ግምት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ረቺው የወጪና ኪሳራ ዝርዝር አቅርቦ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ዳኛው የሚፈርደው ደንበኛው ለጠበቃው ከከፈለው ሊያንስ ይችላል። ለጠበቃው በውሉ የተገባውን ቃል ይህ አይለውጠውም።

መክፈል ለማይችል ተከሳሽ በቂ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ሁኔታ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(5) በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ይሰጣል። ይህ ግን የወንጀል ተከሳሾችን የሚመለከት ነው፤ የውርስ ወይም የቤት ክርክር ያለበት ሰው ነፃ እርዳታ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ወይም በነፃ አገልግሎት ከሚሰጡ ጠበቆች ነው።

ደንበኛው በመሃል ውክልናውን ማንሳት ይችላል። ያኔ የሚነሳው ጥያቄ የተከፈለው ቅድመ ክፍያ ምን ያህል ሥራ ተሠርቶበታል የሚለው ነው፤ የክስ አቤቱታ ተጽፎ፣ ማስረጃ ተሰብስቦ፣ ሦስት ቀጠሮ ተቁሞ ከሆነ፣ ገንዘቡ በሙሉ ይመለስልኝ የሚል ደንበኛ ጥያቄው ተቀባይነት አያገኝም፤ መዝገብ እንኳን ሳይከፈት ገንዘቡን ላስቀር የሚል ጠበቃም እንደዚያው። ስለ ገንዘቡ የሚወስነው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የጠበቃው ምግባር ደግሞ በዲሲፕሊን አቤቱታ ለብቻው ይታያል። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቀው በጽሑፍ የተደረገው ውልና ደረሰኙ ነው።