የንግግር ቴራፒስቷ ለምን ዛለች? የሚባለውና እውነታው

«ከልጆች ጋር ተጫውቶ ደመወዝ መብላት ነው»

ከውጭ ሲያዩት እውነትም ጨዋታ ይመስላል። መናገር የሚቸግራቸውን የምትረዳው ቴራፒስቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ኳስ ታንከባልላለች። ድንገት ኳሱን ይዛ ዝም ትላለች። ልጁ «ስጪኝ» እስኪል፣ ካልሆነም እጁን እስኪዘረጋ እየጠበቀች ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ ባልደረባዋ ስትሮክ የመታቸውን አዛውንት አንድ ማንኪያ ውሃ እያስዋጠች ጉሮሯቸውን ታያለች። ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው አክታ እንደያዘው ከሆነ ትሰጋለች። ውሃው ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላላ! አዎ፣ መዋጥም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

«በቀን ስድስት ሰው ብቻ? ምን ያደክማል?»

አለቆች የሚወዷት ስሌት ይቺ ናት። ሰው ይቆጠራል፣ ሥራው አይቆጠርም። ለእያንዳንዱ ታካሚ ዝግጅት አለ። መዝገብና ሪፖርት አለ። እናት ትደውላለች፣ አስተማሪው ምን ላድርግ ይላል፣ መናገር ለማይችለው ልጅ የሥዕል ሰሌዳ መሠራት አለበት። በዚህ ላይ አንዷ ሥራ ከለቀቀች የእሷ ታካሚዎች ለቀሩት ይከፋፈላሉ። ቀጥሎ ማን እንደሚለቅ መገመት አይከብድም።

«ሰው ካነሰ መቅጠር ነዋ»

ከየት? የዩኒቨርሲቲ ዓመታት አሉ፣ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ ልምምድ አለ። ተማሪዎቹን የሚያለማምዱት ደግሞ እነዚያው ጊዜ ያጡት ባለሙያዎች ናቸው።

«እረፍት ወጥታ ትመለስ»

እረፍት ማንም አይጠላም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ጫና ተሟጦ መዛልን) ሲተረጉም በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ያልተያዘ፣ የከረመ የሥራ ጫና ውጤት ነው አለ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅ፣ የሚሠሩት ሁሉ ጠብ የማይል መምሰል። ከሁለት ሳምንት እረፍት ስትመለስ ወረፋው ረዝሞ ይጠብቃታል።

«ሥራውን የሚወድ አይዝልም»

ይቺ ግን ታናድደኛለች። በየሳምንቱ መታየት ያለበት ልጅ በወር አንዴ ሲመጣ ባለፈው የያዛትን ቃል ጥሏት ይመጣል። ቴራፒስቷ ምን እንደሚያስፈልገው ታውቃለች፤ ቀጠሮ የምትሰጥበት ሰዓት ግን የላትም። ግድ ባይሰጣት ኖሮ ቀጣዩን ጠርታ ትቀጥል ነበር። ግድ ስለሚሰጣት በምሳ ሰዓቷ ታስገባዋለች።